ማንም ሳይመጣ ስለጠፋው የአልጋ ዘጠኝ መብራት

ለክቡር የድርጅታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት፤ ባሉበት ከሌሉም በጋዜጣው ፎቶግራፍ ላይ ዋንጫ አቅፈው በቆሙበት፤

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ልብዎ ደኅና ነው? ይህን የምጠይቀው እንደ ሌላው ደብዳቤ ጸሐፊ ለወጉ ያህል አይደለም። እርስዎ ታመው እኛ ደወል ከሠራንላቸው ሆስፒታሎች በአንዱ እንዳይተኙ ከልቤ እጸልያለሁ፤ ለምን እንደምጸልይ ደብዳቤውን ሲጨርሱ ይገባዎታል።

እኔ በሦስተኛው ፎቅ፣ በመስኮቱ በኩል፣ አንድ እግሯ በታጠፈ ካርቶን በተደገፈች ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ፕሮግራም የምጽፍ ሠራተኛዎ ነኝ። ስሜን ባያውቁት አልቀየምም፤ «ቧልቱ» የሚለውን ቅጽል ስሜን ግን ሳይሰሙ አይቀሩም። ሊፍቱ ውስጥ «ይህ ሊፍት የሚሠራው ሲያመሰግኑት ብቻ ነው» የሚል ወረቀት የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ እርስዎም ሁለት ቀን ሙሉ ለሊፍቱ ምስጋና እያቀረቡ ሲወጡና ሲወርዱ እንደነበር የጥበቃው ሰውዬ ምስክር ነው። ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ እኔና ትምህርት በስምምነት ተለያይተናል፤ ስለዚህ በደብዳቤዬ ውስጥ የተንጋደደ ነገር ቢያገኙ ያቃኑልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ።

የዛሬ ሁለት ሳምንት በቴክኖሎጂ ዜና ገጾች ሁሉ ላይ ስለ እርስዎ የወጣውን ወሬ መጀመሪያ ቁጭ ብዬ፣ ቀጥሎ ቆሜ፣ በመጨረሻም ግድግዳ ተደግፌ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ዜናው እንደሚለው «ታታሪ» ብለው የሰየሙት ኮድ ጻፊ ማሽን ድርጅታችን ሃያ ዓመት ሲገነባው የኖረውን የሆስፒታል ደወል ፕሮግራም በአሥራ አንድ ቀን እንደ አዲስ ጽፎታል፤ ከየመቶው መስመር አርባውን «አያስፈልግም» ብሎ ጥሎታል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ በአንድ ሆስፒታል ለሦስት ወር ተሞክሮ፣ ታማሚ አልጋው ላይ ሆኖ ከደወለ በኋላ ነርስ እስክትደርስለት የሚፈጀውን ጊዜ ከዘጠኝ ደቂቃ ወደ ሦስት አውርዶታል። ከመጪው ወር መባቻ ጀምሮም በሃያ ሁለት ሆስፒታሎች እንደሚዘረጋ አብስረዋል። እንኳን ደስ አለዎት። ዋንጫው ከፎቶግራፉ እንዳየሁት ከባድ ይመስላል፤ ወገብዎን የጠየቅኩት ለዚህ ነው።

ቁጥር እንደሚወዱ ስለማውቅ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ሰጡን ጸጥታ አመሰግናለሁ። ታታሪ ከመጣ ወዲህ ከዘጠኝ ሠራተኞች ሁለት ቀርተናል፤ እኔና የጻፍነውን እየሞከረች ስህተታችንን የምታወጣ፣ ጥያቄዋ ስለማያልቅ «እሜቴ ለምን» የምንላት ፈታሻችን። ሰባቱ ወንበሮች ግን አልተሰናበቱም፤ ባለቤቶቻቸው ውኃ ሊጠጡ ብድግ ያሉ ይመስል ወደ ጠረጴዛው ተጠግተው ቆመዋል፤ አንዱ ላይም እስካሁን ሹራብ ተንጠልጥሏል። እሜቴ ለምን ከድካሟ ተገላግላለች፤ ታታሪ ራሱን ራሱ ፈትኖ ራሱን ራሱ ያሳልፋልና። እኔ ኮሌጅ ሳለሁ ይህ ዕድል ቢሰጠኝ ኖሮ ዛሬ ከስሜ በፊት ዶክተር ይባል ነበር።

ብቻችንን እንዳንሆን ደግሞ ታታሪ ያጫውተናል። ክቡርነትዎ ኮድ ካዩ ስለቆዩ ላስታውስዎ፤ ፕሮግራም ሲጻፍ በመስመሮቹ መካከል ኮምፒዩተሩ የሚዘለው፣ ሰው ብቻ የሚያነበው ማስታወሻ ይገባበታል። የኔ ማስታወሻዎች በቢሮው የታወቁ ነበሩ። «ይህን መስመር የነካ ጸጉሩ ይረግፋል፤ ካላመናችሁ የክፍል ኃላፊያችንን ተመልከቱ» እል ነበር። «ይህን ከሰረዛችሁ የሕንፃው ውኃ ይቋረጣል» እል ነበር። «እዚህ ሥር አክስቴ ተኝታለች፤ እንዳትቀሰቅሷት» ብዬ በጻፍኩበት ቦታ አንድ አዲስ ሠራተኛ የአንዲት ቁልፍ ቀለም ለመቀየር ሦስት ሳምንት ፈርቶ አክስቴን ሲዞራት ከርሟል። ታታሪ የሠለጠነው ይህን ሁሉ አንብቦ ነው። ትናንት ጠዋት ኮምፒዩተሬን ስከፍት፣ ታታሪ ሌሊቱን ጽፎ ባደረው ኮድ መካከል «አክስትህ ነቅታለች» የሚል ማስታወሻ ጠበቀኝ። እኔ አልጻፍኩትም። እሜቴ ለምንም «እናቴ ትሙት አልጻፍኩም» ብላ ማለች፤ ከዚያ ወንበሯን ወደኔ አስጠጋች። በራሴ ቀልድ ሳልስቅ ስቀር በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ሦስቱ ደቂቃ አመሰግናለሁ። ለዚህ ምስጋና ጋሼ ድርብ ሰረዝን ላስተዋውቅዎ ይገባል፤ የደወሉን ፕሮግራም መጀመሪያ የጻፉት እሳቸው ናቸውና። ስሙ የወጣላቸው፣ ከክፍሉ ወዲያኛው ጥግ ሆነው ማንም ሰው የኮድ መስመሩን በድርብ ሰረዝ ሳይዘጋ ሲያልፍ «አንተ ልጅ፣ ድርብ ሰረዝህን ጥለህ ሄድክ» ስለሚሉ ነው። ኮሌጅ የተወኝ ጊዜ ሥራ ያስገቡኝም እሳቸው ነበሩ። ዲግሪ እንደሌለኝ ሳፍር ብነግራቸው «እኔም ሪህ አለብኝ፤ አንዱ ይጎድለዋል፣ አንዱ ይተርፈዋል» ብለው ወንበር ሳቡልኝ። በቀልዶቼ ይስቁ ነበር፤ ስቀው ሲያበቁ ግን ሁልጊዜ «ቀልድና ቅዘን ቤት ያበላሻል» ይሉኝ ነበር። እኔ ይህችን ተረት የምወዳት ስለ ሁለተኛዋ ቃል ነበር።

ጋሼ ፕሮግራሙን ከመጻፋቸው በፊት ሆስፒታል ሄደው፣ ኮሪደር ላይ ወንበር ይዘው ሦስት ቀን ተቀመጡ። ታማሚ ሲደውል ከክፍሉ በር በላይ ቀይ መብራት ይበራል። ያኔ መብራቱ ከነርሶቹ ጠረጴዛ ይጠፋ ነበርና፣ ሥራ የበዛባት ነርስ «አሁን እሄዳለሁ» ብላ ታጠፋዋለች፤ ሌላ ሰው ይጠራታል፤ ትረሳለች። ጋሼ ይህን ካዩ በኋላ አንዲት መስመር ጻፉ፤ መብራቱ የሚጠፋው የሰው እጅ ታማሚው ራስጌ ግድግዳው ላይ ያለውን ማጥፊያ ሲጫን ብቻ ነው የምትል። በመስመሯ አናት ላይም እንዲህ የሚል ማስታወሻ አኖሩ፦ «ይህችን መስመር ልትነካ ያሰብክ ወዳጄ፣ አስቀድመህ አልጋው ላይ ተኝተህ ደውል፤ ከዚያ ሰው እስኪመጣልህ ቁጠር። ከነካሃት ሰው ይሞታል።»

ጡረታ ከወጡ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ማለትም የእርስዎ ዜና በወጣ ሰሞን፣ ጋሼ በልባቸው ታመው የተኙት ታታሪ በተሞከረበት በዚያው ሆስፒታል፣ አልጋ ዘጠኝ ላይ ነበር። ሻል ብሏቸው በሳምንቱ መጨረሻ ሊወጡ ነበር። ከሰዓት በኋላ በጥየቃ ሰዓት ሄድኩና ዜናውን ከስልኬ እያነበብኩ፣ ድምፅዎን እያስመሰልኩ አስቃቸው ጀመር። ሦስት ደቂቃ የሚለው ላይ ስደርስ መሳቃቸውን አቆሙ። «ነርሶቹ ተጨመሩ?» አሉኝ። አልተጨመሩም፤ ለአርባ አልጋ ሦስት ናቸው። «እንግዲያው እግር ነው የተጨመረላቸው» አሉና ደወላቸውን ተጭነው «ቁጠር» አሉኝ። እኔ እየዘለልኩ ስቆጥር «አታሹፍ፣ በደንብ ቁጠር» ብለው ተቆጡኝ። መቶ ሰማንያ ስል ከበሩ በላይ ያለው ቀይ መብራት ጠፋ።

ማንም አልመጣም፣ ክቡር ሆይ። ኮሪደሩ ላይ የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲ ሲጎተት ይሰማ ነበር፤ ሌላ ምንም አልነበረም። ጋሼ የጠፋውን መብራት አይተው፣ ወደኔ ዞረው፣ ረጋ ብለው «መስመሬን ማን ነካት?» አሉኝ። እኔም አለቃችን ለሊፍት እንጂ ለደወል አያመሰግኑም የምትል ቀልድ ልጀምር ብዬ ዓይናቸውን ሳይ ዋጥኳት። «ነገ ጠዋት ወደ ቦታዋ እመልሳታለሁ» አልኳቸው። «ተናግረሃል» አሉኝ።

ለነርሷም ነገርኳት። «እኛ እኮ ወንድሜ፣ መብራቱ ሲጠፋ ሌላዋ ሄዳለታለች ብለን ነው የምናምነው» አለችኝ። ፊቷ አመድ መሰለ። ሦስቱም ሦስት ወር ሙሉ እርስ በርሳቸው ሲተማመኑ ከርመዋል፤ ክቡርነትዎ በንግግርዎ «ታታሪ የቡድን መንፈስን ያጠናክራል» ያሉት እውነት ነው።

ሦስተኛውን ምስጋና ለጊዜው ዘልዬዋለሁ፤ ለእርስዎ የሚገባ አይደለም።

አራተኛ፤ የክፍል ኃላፊያችንን ስለሾሙልን አመሰግናለሁ። በማግስቱ ጠዋት እሜቴ ለምንና እኔ የታታሪን ኮድ ፈልፍለን ቦታውን አገኘነው። የጋሼ መስመር የለችም። ማስታወሻቸው ግን አለ፤ ሟች የሌለበት መቃብር ላይ እንደቆመ ድንጋይ በባዶ ቦታ አናት ላይ ተቀምጧል። በመስመሯ ፋንታ ታታሪ ለማንኛውም ያልተመለሰ መልእክት የሚጠቀምበትን ደንብ አስገብቷል፦ ሦስት ደቂቃ ሲሞላ ጥሪው ይዘጋና «ተመልሷል» ተብሎ ይመዘገባል። አያችሁልኝ ወይ ያሰኘዎት ፍጥነት ይኸው ነው። ነርስ አልፈጠነችም፤ ደወሉ ተስፋ መቁረጥን ተማረ።

ታታሪ ከመጣ ወዲህ ኮድ የሚለወጠው በኃላፊው ፈቃድ ብቻ ስለሆነ፣ ስክሪኑን ተሸክሜ ልሄድ ምንም ሳይቀረኝ ኃላፊያችንን ጠራናቸው። ኃላፊያችን «ከነካሃት ሰው ይሞታል» የሚለውን አንብበው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ደግሞ ጀመረህ! አንተ ልጅ፣ ጸጉሬን ጨረስክና አሁን ሰው ልትገድል ነው?» አሉኝ። ይህ የኔ ጽሑፍ አይደለም አልኳቸው። «አክስትህ ናት የጻፈችው?» አሉኝ። እሜቴ ለምን «ይሄኛው እውነት ነው» ስትል «አንቺንም አበላሸሽ» ብለው ወደ ስብሰባ ገቡ። ማስረጃ ላዘጋጅ ተቀመጥኩ፤ ያን ቀንና የማግስቱን ግማሽ ሠንጠረዥ ስሠራ ዋልኩ። ከዚያ በፊት ሠንጠረዥ ሠርቼ አላውቅም። ቆንጆ ወጣልኝ።

አምስተኛ፤ ታታሪ ሁሉንም ነገር መዝግቦ ስለሚያስቀምጥ አመሰግናለሁ። በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ነርሶቹ በሌላኛው ጫፍ ከአንድ ታማሚ ጋር ሲታገሉ፣ አጠገባቸው ያለው አልጋ ስምንትም ባዶ በነበረበት ሰዓት፣ ጋሼ ድርብ ሰረዝ አረፉ። ሥራዬ ስለሆነ መዝገቡን ከፍቼ አየሁት። አልጋ ዘጠኝ፣ ተጠራ፤ አልጋ ዘጠኝ፣ ተመልሷል። አልጋ ዘጠኝ፣ ተጠራ፤ አልጋ ዘጠኝ፣ ተመልሷል። አሥራ አራት ጊዜ።

እዚህ ላይ ክቡርነትዎ አንድ አፍታ ቢያቆሙልኝ እወዳለሁ። የጨነቀው ሰው ደወል ሲጫን እንደ እብድ ነው የሚጫነው፤ የሌሎቹን አልጋዎች መዝገብ አይቻለሁ፣ ጣታቸውን ከደወሉ ላይ አያነሱም። የጋሼ ግን እንደዚያ አይደለም። መብራቱ እስኪጠፋ ይጠብቃሉ፤ በጠፋ በሰከንዱ፣ አንዳንዴ በሁለተኛው ሰከንድ፣ እንደገና ይጫናሉ። መብራቱ በርቶ ሳለ ደጋግሞ መጫን አዲስ ጥሪ ሆኖ እንደማይቆጠር ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ማንም እንደማይመጣም ያውቃሉ፤ አብረን ቆጥረናል። መዝገቡን ነገ ከፍቶ የሚያነበው ማን እንደሆነም ያውቃሉ። ያን አርባ ሁለት ደቂቃ ነርስ ሲጠሩ ነበር ወይስ እኔን የሚለውን ጥያቄ ለታታሪ አቅርቤለት ነበር፤ «ሁሉም ጥሪዎች በወቅቱ ተመልሰዋል» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ በራሱ የሚጠፋ መብራት ባየሁ ቁጥር እቆጥራለሁ። የሊፍቱ፣ የደረጃው፣ የጎረቤት መኪና። የመታጠቢያ ቤታችን መብራት ሰው ካልተንቀሳቀሰ ይጠፋል፤ እዚያ ውስጥ እጄን እያወዛወዝኩ ቆሜ እሜቴ ለምን በሩን ስታንኳኳ «አለሁ!» ብዬ ጮህኩ። ማንም «ሞተሃል ወይ?» ብሎ አልጠየቀኝም ነበር።

አሁን ሦስተኛውን ልመልስ።

ሦስተኛ፤ ታታሪ እያንዳንዱን መስመር የጣለበትን ምክንያት በጽሑፍ ያስቀምጣል፤ አንባቢ ግን የለውም። እኔ አነበብኩት። ስለ ጋሼ መስመር የሚለው ይህን ነው፦ «በዚህ ፕሮግራም ውስጥ የዚህ ዓይነት ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ማስጠንቀቂያዎች ተገኝተዋል። ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ ሐሰት መሆናቸው ተረጋግጧል። ይህም እንደዚያው ነው ተብሎ ይገመታል። ተወግዷል።»

ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ የኔ ናቸው፣ ክቡር ሆይ። አንድ በአንድ ቆጥሬያቸዋለሁ። ጸጉሩም፣ ውኃውም፣ አክስቴም። ታታሪ እንደ ድንጋይ ደንቆሮ አልነበረም፤ ጎበዝ ተማሪ ነበር፤ አስተማሪው ግን እኔ ነበርኩ። በዚያ ቤት ውስጥ ማስጠንቀቂያ ማለት ቀልድ ማለት መሆኑን ስድስት ዓመት ሙሉ እየሳቅኩ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ አስተማሪነቱንም ሳልጠይቅ ነው ያገኘሁት። ስለዚህ ዋንጫውን ሲያስቀምጡ በጎኑ ትንሽ ቦታ ይተዉልኝ፤ ግማሹ ይገባኛል። የክፍል ኃላፊያችን ቢስቁ አልፈርድባቸውም፤ ማሽኑም ሰውየውም የተማሩት ከአንድ ሰው ነው።

እንግዲህ የምለምንዎ አንዲት መስመር ናት። አዲስ አልጽፍም፤ የጋሼን አሮጌ መስመር ከነድርብ ሰረዟ ወደ ቦታዋ ይመልሱልኝ፤ በሃያ ሁለቱ ሆስፒታሎች ከመዘርጋቱ በፊት። በአንዱ ሆስፒታል ብቻ አርባ አልጋ አለ፤ የሌሎቹን እሜቴ ለምን ደምራዋለች፣ ቁጥሩን ስትነግረኝ ግን ጆሮዬን በእጄ ደፍኜ ነበር። መስመሯ ስትመለስ አማካይ ጊዜዎ ወደ ዘጠኝ ደቂቃ ይወጣል፤ ምናልባትም ዋንጫውን መልሱ ይሉዎታል። በምትኩ እኔን ያሰናብቱኝ። ማስታወሻዎቼን በሙሉ፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱንም፣ ራሴ ሰርዤ እወጣለሁ፤ አክስቴንም ይዣት እሄዳለሁ። ስምንተኛው ወንበር ከሰባቱ ጋር ቢቆም ከጸጥታው ሌላ የሚጨምረው ነገር የለም።

ጤናዎን፣ ዕድሜዎን፣ ከሁሉም በላይ የተኙበትን አልጋ የሚጠብቅልዎ ሰው እንዳያሳጣዎ እየተመኘሁ፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ የማልቀልድ ታማኝ ሠራተኛዎ፣

ቧልቱ፤
ከሦስተኛው ፎቅ፣ ከመስኮቱ በኩል፣ ካርቶን ከተደገፈችው ጠረጴዛ

የተረሳ ነገር፦ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ከማውጣቴ በፊት ለክቡርነትዎ ክብር ስል በድርጅቱ የአቤቱታ ገጽ በኩል ልኬው ነበር። ገጹን አሁን የሚሠራው ታታሪ እንደሆነ አላወቅኩም። ልኬ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። መቶ ሰማንያ ስል «አቤቱታዎ ተመልሷል፤ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» የሚል መልእክት ደረሰኝ። እንደገና ላክሁት። አሥራ አራት ጊዜ ልኬዋለሁ፣ እያንዳንዱ መልስ በመጣ በሰከንዱ። መዝገቡ ውስጥ አለ፤ አንድ ቀን የሚከፍተው ሰው ያገኘዋል።